ከውኃው በታች ያላየሁት መርከብ

ዛሬ ጠዋት መነጽሬን በአሥራ ሁለት ብሎን ቆለፍሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ የእንጨት መርከብ ጠግኜ ጨረስሁና አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ የመስታወት ሣጥን ሠራሁለት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በደህናው ዘመኔ የሦስት ቀን ሥራ ነበረ። ክዳኑን ገጠምሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፣ ጠርዙን በስቱኮ ደፈንሁ፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ሥራዬን ላደንቅ ስል መርከቡ ጉም ውስጥ ገብቷል። ዓይኔን አሻሸሁ፤ ጉሙ አልለቀቀም። ግንባሬን ዳበስሁ፣ ኪሴን ፈተሽሁ፣ የእንጨት ፍቅፋቂውን በተንሁት። ባለቤቴ የሺ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ጠፋህ?»

«መነጽሬ።»

ወደ ሣጥኑ ተጠግታ ጎንበስ አለችና ሳቋን ለቀቀችው። «ምን ይጠፋል፣ ተሳፍሮ ሄዷል እንጂ! ይኸው ከምሰሶው ሥር ተቀምጦልሃል» አለች።

ካቻቢቴ አንሥቼ ልፈታ ብል፣ የብሎኑን አናት ለማየት መነጽሩ ያስፈልገኛል። መነጽሩን ለማውጣት ደግሞ ብሎኑን መፍታት። የሺ ልፍታልህ ብላ ነበር። ካቻቢቴዬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም ብዬ ተኮፈስሁ። አሁን ለመመለስ አፍሬ ነው እንጂ ብትለምነኝ እሰጣታለሁ። ጎረቤታችን መምህሩ የጥኖራ ከተማ ሄዷል፣ ነገ ሲመጣ ይፈታልኛል። እስከዚያ በትልልቅ ፊደል ከሆነ ያለ መነጽርም መጻፍ ይቻላል። እንግዲህ ይህን የጻፈው የገዛ ብሎኑን መፍታት ያቃተው ጡረተኛ አናጢ መሆኑን አውቃችሁ አንብቡት።

አናጢ የሆንሁት በምርጫ አይደለም። አባቴ ቄስ እንድሆን ፈልጎ ቅኔ ቤት አስገብቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት ተቀምጬ የሠራሁት አንድ ቁምነገር ቢኖር ለመምህሬ የተሰበረ መቋሚያቸውን መጠገን ነው። መቋሚያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ ይስማው፣ እግዚአብሔር አንተን የፈጠረህ ከአንገት በታች ተጠንቅቆ ነው» ብለው መርቀው አሰናበቱኝ። ያን ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ከተሰጡኝ የምስክር ወረቀቶች ሁሉ እውነተኛው እርሱ ነው።

በዚያ ምርቃት ቢቸና ከተማ ገብቼ አያ ታከለ እጅ ላይ ወደቅሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አያ ታከለ በቢቸና ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የግራ አውራ ጣታቸው ግማሹ በመጋዝ የሄደ ሰው። ከእርሳቸው ሥር ረዳት ሆኜ ስቀጠር ቁመቴን፣ የአባቴን ስምና «ልዩ ምልክት» የሚል ነገር በሦስት ቅጅ ሞላሁ። ልዩ ምልክት ለሚለው አያ ታከለ «ችኮላ ብለህ ሙላ» አሉኝ። ገና አንድ ሰዓት ሳያውቁኝ ነው። ስለ ደመወዙ ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ መንገድ ላይ ያረጅ ነበር ብዬ ልለፈው።

የእርሳቸውን ልማድ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ማንኛውንም ዕቃ ከሥሩ ሳያዩ አይቀመጡበትም፣ አይበሉበትም፣ አያመሰግኑትም። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የተሰጣቸውን ወንበር አንሥተው ይገለብጣሉ፣ በመዳፋቸው ሥሩን ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። በሠርግ ቤትም እንዲሁ፣ በለቅሶ ቤትም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ለቀብር በሄድንበት ካህናቱ የሚቀመጡበትን ረጅም አግዳሚ ገልብጠው መጋጠሚያውን ሲመረምሩ፣ አምስት ካህናት ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ቆመው ጠብቀዋቸዋል። በኋላ እኔ በኀፍረት «ምነው አያ ታከለ፣ ለዛሬ እንኳ ቢተዉት?» ብላቸው፣ «ከላይ ከላይማ ሁሉም ወንበር ነው» አሉኝ።

ሥራ ሲያስተምሩም የማይታየውን ጎን አስቀድመው ያስልጉ ነበር። የጠረጴዛን ሆድ፣ የመሳቢያን ጀርባ። «የሚታየውን ጎን ሰው እያየህ ትልገዋለህ። ይህኛውን የሚያይብህ የለምና አሁን፣ ጉልበት ሳለህ» ይሉኛል። እንጨት ሲመርጡ በጣታቸው አጥንት አንኳኩተው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። እርሳሳቸው ሁልጊዜ እንደ መርፌ የተሳለ ነው፤ መስመሩ ከወፈረ መጋዙ ይዋሻል ብለው። እኔ በአንድ ደንዳና እርሳስ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ከእርሳቸው ጋር የተማሪ ዴስክ ሠራን፣ የፍርድ ቤት አግዳሚ ሠራን። ብቻዬን ሮብ ገበያ ተልኬ የጤና ጣቢያ በሮች ገጠምሁ። ከበሮቹ አንዱን ወደ ውጭ የሚከፈተውን ወደ ውስጥ አድርጌው አልጋ አላስገባ ብሎ አስተካካይ ተላከ። አስተካካዩ አያ ታከለ ነበሩ። ሲመጡ ስለ በሩ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ ማጠፊያውን ፈትተው «ያዝልኝ» ብቻ አሉ። በኋላ እንደገባኝ የእርሳቸው ቁጣ «ያዝልኝ» ነው።

አሁን ወደ መርከቡ ልምጣ።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፤ ምጽዋ የሚሠራ ዘመዳቸው የላከላቸው። ከወሮቹ በአንደኛው ላይ የድሮ የጦር መርከብ ሥዕል አለ። ሦስት ምሰሶ፣ በነፋስ የተነፋ ነጭ ሸራ፣ ከጎኑ በተርታ አፋቸውን ያወጡ መድፎች። ወሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ዲሬክተሩ ግን ገጹን አይገልጡትም። አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ ለጉብኝት መጥተው ሥዕሉን አዩና «ይህን የመሰለ የኛ ልጆች በእንጨት ይሠሩት ይሆን?» አሉ። ዲሬክተሩም «ለዓመቱ የእጅ ሥራ ትርኢት ይደርሳል፣ ክቡርነትዎ» ብለው ቃል ገቡ። ቃሉን የሚፈጽሙት እኛ ነን።

ባሕር ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ትልቁ የምናውቀው ውኃ ዓባይ ነው፣ እርሱም ቢሆን ገደል ውስጥ። ሥዕሉ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። በዚያ ጎን አሥራ አንድ መድፍ ቆጠርሁ። «በወዲያኛው ጎንስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ሥራ ይቀንስልኝ እንደሆነ ብዬ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ «ጠላት በሁለት በኩል ከመጣ ምን ሊሆን ነው ታዲያ?» አለኝ። አያ ታከለ በመድፉ አልተጨነቁም። እርሳቸው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ፣ መርከቡና ውኃው ከሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፈው ብዙ ቆሙ።

«ከዚህ በታች ምን አለ?»

«ውኃ ነው አያ ታከለ።»

«ውኃውንማ አየሁት። ከውኃው ውስጥ ያለው የመርከቡ ሆድ ምን ይመስላል ነው የምልህ።»

ማን ይወቀው! በዚያው ሳምንት እኅታቸው አምበር ላይ አረፉና ወደ ለቅሶ ሄዱ። ሲነሡ እንዲህ አሉኝ፦ «ምሰሶውን ሥራ፣ ገመዱን ግመድ፣ መድፉን አዘጋጅ። ሆዱን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካው። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እመጣለሁ።»

በሁለት ቀን ምሰሶውን ጨረስሁ። ገመዱን ከጥጥ ፈትል አክርሬ በሰም ውስጥ አሳለፍሁት። ለመድፎቹ ከየሰዉ ቤት የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ለቀምሁ፤ ጎጃም ውስጥ ቀለህ የሚያጣ የለም። በአምስተኛው ቀን ለሆዱ የተዘጋጀው የዋንዛ ግንድ ተጋድሞ ሲያየኝ፣ እኔም ሳየው፣ እጄን በላኝ። ጠፍጣፋ ባደርገው ጠረጴዛ ላይ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለትርኢት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አያ ታከለ መጥተው ሲያዩት ደግሞ ይገረማሉ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሆዱን እንደ ገበታ ልጌ አወጣሁት፣ ወለሉን ለጠፍሁ፣ ምሰሶውን ተከልሁ፣ ቨርኒሽ ቀባሁ።

አያ ታከለ ከለቅሶ ሲመለሱ መርከቡ ጠረጴዛው ላይ ያበራል። ዞሩት፣ ምሰሶውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ገመዱን በጣታቸው ሳቡ፣ ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አንሥተው ገለበጡት። መዳፋቸውን በጠፍጣፋው ሆድ ላይ አስኬዱ።

«ይህን ማን አየው?»

እንደ ወንድ «ማንም አላየው፣ ቸኩዬ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ዲሬክተሩን ጠይቄያቸው ነው። ጠፍጣፋ ነው ብለዋል» አልሁ።

«አይተዋል?»

«ምጽዋ ሄደው አይተዋል።»

ዲሬክተሩ ምጽዋን የሚያውቁት በካላንደር ነው። አያ ታከለ ለቅሶው ላይ የሚያውቅ ሰው አጥተው ነው የተመለሱት። «እርሳቸው ካዩስ መልካም» አሉና ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። ሰው ይዋሸኛል ብለው የሚያስቡ አልነበሩም፤ እንጨት ብቻ ነበር የሚጠረጥሩት።

የትርኢቱ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ስፌት አለ፣ የሸክላ ሥራ አለ፣ የሽመና ሥራ አለ፣ ሰው ሁሉ ግን ወደ መርከቡ ነው። ገዥው ከነአጀባቸው፣ ከጠቅላይ ግዛቱ የመጡት የትምህርት ተቆጣጣሪ ከነማኅደራቸው፣ ዲሬክተሩ በአዲስ ከረባት። ገዥው ዙሪያውን አይተው «ግሩም ነው! ለመሆኑ ይዋኛል?» አሉ።

አያ ታከለ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምሁ። «እንዴታ ክቡርነትዎ!»

የበቅሎ ማጠጫው የቆርቆሮ ገንዳ ተጠርጎ፣ ውኃ ተሞልቶ ቀረበ። መርከቡን በሁለት እጄ ይዤ አኖርሁት። ቆመ! ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ። ቀና ስል ከሜዳው ወዲያ ትንሽ ነፋስ መጣች፤ ሸማ እንኳ የማታነሣ ነፋስ ናት። ሸራው ጥቂት ነፋ አለ፣ ምሰሶዎቹ ዘንበል አሉ፣ ዘንበል እንዳሉ ቀሩ፣ ከዚያ መርከቡ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገለበጠ። መድፎቹ ቡልቅ ቡልቅ እያሉ ወደ ገንዳው ወለል ወረዱ። ያ የላግሁት ጠፍጣፋ ሆድ፣ ቨርኒሽ የተቀባው፣ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

ገዥው ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው «ጠላት ሳይደርስበት?» አሉ።

ሳቁ ዓባይ በረሃ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ዲሬክተሩ አልሳቁም። ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ወደ እኛ ዞሩ። «መርከብ ጠፍጣፋ ነው ያለው ማነው?»

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ። ዲሬክተሩ እንዳላሉ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። እንደ ዋሸኋቸው ገባቸው። ዓይናቸው ውስጥ አየሁት፤ ቁጣም አይደለም፣ አንድ የታመኑበት መጋጠሚያ ሲላቀቅ እንደሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነው። እኔ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር በአናጢ ኮላ ተጣብቃለች። እርሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ደብዳቤው በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣ፤ በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ክብ ማኅተም ያለበት። አያ ታከለ «በጥንቃቄ ጉድለት» ወደ ሞጣ ተዛውረዋል። ሞጣ ያለው የእጅ ሥራ ክፍልም በሚቀጥለው ዓመት ትርኢት ለዓይን የሚሞላ ሥራ ካላቀረበ ይዘጋል፣ ኃላፊውም ይሰናበታል። ርስታቸውን ለወንድሞቻቸው ትተው ነው ከተማ የገቡት፣ ያች ሥራ ከሄደች የሚመለሱበት መሬት የለም። ሚስትና ዘነበች የምትባል ተማሪ ልጅ አሏቸው። በዚያው ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ በምትካቸው ቢቸና ላይ ኃላፊ የተደረገው ማን መሰላችሁ? እኔው። ልዩ ምልክት፣ ችኮላ።

በእርሳቸው ወንበር ላይ ስድስት ወር ተቀመጥሁ። ገልብጬ እንዳላየው እፈራ ነበር። በስድስተኛው ወር ዝውውር ጠየቅሁ። ዲሬክተሩ «ከኃላፊነት ወደ ረዳትነት? ጤና የለህም?» ብለው ፈረሙልኝ።

ሞጣ የደረስሁት የጤፍ ጭነት ላይ ተሰቅዬ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ መጣሁ። ክፍሉ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። አያ ታከለ አንድ ትልቅ የዝግባ ሳንቃ ሞርሳ ላይ አስረው በሁለት ሰው መጋዝ ብቻቸውን ይታገላሉ።

«አያ ታከለ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ያን ጊዜ ዲሬክተሩ ብለዋል ያልሁዎት…»

«አውቄዋለሁ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁ። እርስዎ ደግሞ…»

«አውቄዋለሁ አልሁህ እኮ። ያን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝሁ። ሳንቃው ተሰንጥቆ እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ሲያልቅ መጋዙን ጠረጉና «ትርኢቱ ሊደርስ አራት ወር ቀረው። እንደገና እንሠራዋለን» አሉ።

«ምኑን?»

«መርከቡን ነዋ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ቁም ሣጥን ሠርቶ ሥራውን ያድን ነበር። አልኋቸውም። «የተገለበጠብኝን ነገር ሆዱን ሳላውቅ አልሞትም» አሉ።

ሆዱን ያወቅነው ሸራ ልንገዛ የሄድን ዕለት ነው። ሞጣ ገበያ አጠገብ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አቡጀዲም ይሸጣሉ። አያ ታከለ እንደ ገቡ የቀረበላቸውን ወንበር ሊገለብጡ ሲሉ ሐጂ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «አያ ታከለ፣ ወንበሩ ያው የትናንቱ ነው» አሏቸው። አያ ታከለ ግን ገለበጡት።

ከካላንደሩ የቀዳሁትን ሥዕል ዘርግተን ሸራው ስንት ክንድ እንደሚፈጅ ስናሰላ ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ይህ ነገር እኔን ሊገድለኝ ነበር!» አሉ።

«የቱ?»

«ይኸው መርከቡ ነዋ። እንዲህ ትልቅና መድፍ ያለበት አይደለም፣ ሳንቡቅ ነው፤ ግን እንጨቱም ሸራውም ያው ነው። ወደ መካ ስሄድ ከምጽዋ የተሻገርሁበት። አንጀቴ እስኪወጣ ነው ያስመለሰኝ።»

አያ ታከለ የሐጂን እጅ ጨብጠው ያዙ። «ከውኃ ወጥቶ አይተኸዋል?»

«ተራ ስንጠብቅ ስንት ቀን አሸዋ ላይ ተጋድሞ ሆዱን ዝፍት ሲቀቡት እያየሁ ተቀምጫለሁ!»

«ምን ይመስላል? በል ንገረኝ!»

ሐጂ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው፣ ውኃ እንደሚጨልፍ ሰው፣ ወደ ታች አሾለው አሳዩ። «እንዲህ። እንደ ዶሮ ደረት። መካከሉን ረጅም አጥንት ይሄድበታል። ከሆዱ ደግሞ ድንጋይ ይጭኑበታል።»

እኔ ሳቄ መጣ። «ድንጋይ? ውኃ ላይ ለሚሄድ?»

ሐጂ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «አንተ ነህ የቢቸናውን የገለበጥኸው?»

አያ ታከለ «እኔ ነኝ» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ዝም አልሁ፤ ለልምድ ያህል።

አሁን የዶሮ ደረት ያስፈልገናል። ዐቢይ ጾም ገብቷል፣ በክርስቲያን ቤት ዶሮ አይታረድም። ፋሲካን እንዳንጠብቅ ጊዜ የለንም። ሐጂ ነገሩ ሲነገራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። በማግሥቱ ሚስታቸው ሥጋውን ለቤተሰቡ ሠርታ፣ የደረቱን አጥንት ነጭ እስኪሆን ፍቃና አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ላከችልን። አያ ታከለ ግን የንስሐ አባታቸውን ሳይጠይቁ አልነኩትም። ቄሱ ብዙ አሰቡና «ማየት አያስገድፍም። ግን እጅህን ታጠብ» አሏቸው። እንዲህ ሆኖ የዚያ መርከብ ሆድ፣ በቄስ ፈቃድ፣ ከሞጣ እስላም ቤት በመጣ የዶሮ አጥንት ልክ ተሠራ። ጣሪያው ላይ በክር ሰቅለነው በየቀኑ ከሥር እያየን እንቀርጽ ነበር።

ሆዱን ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈለፈልነው። አያ ታከለ ከውጭ በመላጊያ፣ እኔ ከውስጥ በመሮ፤ ግድግዳው ስንት እንደ ቀረው የሚያውቁት በጣታቸው አንኳኩተው ነበር። «ተው፣ ሳሳ» ሲሉ እተዋለሁ። መካከለኛውን አጥንት ከወይራ አወጣነው፣ ወይራ ብረት ነው። ከወንዝ ለስላሳ ጠጠር ለቅመን በሆዱ ደርድረን፣ እንዳይንከባለል ሰም አቅልጠን አፈሰስንበት። ሸራውን ሐጂ በእጃቸው ሰፉት፤ «በመኪና የተሰፋ ነፋስ አይገባውም» ብለው። እኔ ስለ ነፋስ አስተያየት መስጠት ካቆምሁ ቆይቼ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ስናሻ አያ ታከለ ከማይታየው ጎን ጀመሩ፤ እኔም ሳልታዘዝ ከማይታየው ጎን ጀመርሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም። እስከ ዛሬ ከተቀበልሁት ሽልማት ትልቁ ያ ዝምታ ነው።

ሊያልቅ ሲል አያ ታከለ ትንሽ መሠርሠሪያ አንሥተው፣ ከኋላ፣ መሪው ካለበት ቦታ ወለሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ በሱ።

«ይህቺ የምንድን ናት?»

«የሰው። መሪውን የያዘ ሰው ትቀርጽልኛለህ። እግሩን እዚህ እንሰካዋለን።»

«በሥዕሉ ላይ እኮ ሰው አይታይም።»

«እኛ ግን እናቁም። ሰው የሌለበት መርከብ ቢገለበጥ ማንን እንጠይቃለን?» አሉና መሠርሠሪያውን አስቀመጡ። «ፊቱን የራስህን አድርገው።»

ገባኝ። ፊቴ እሳት መሰለ። ሌላ የጠየቁኝ ካሣ የለም፤ አውራ ጣት የምታህል አንድ ሰው ብቻ። ሞከርሁ። የመጀመሪያው ጆሮው የገንቦ እጀታ መሰለ። ሁለተኛው ዝንጀሮ ወጣ፤ ሐጂ አይተው «መልኩንስ አልሳተም» አሉ። ሦስተኛውን ስጀምር ትርኢቱ ደረሰ።

ያው ተቆጣጣሪ መጡ፣ ደብዳቤውን የጻፉት። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በውኃ ሞልተን አቀረብን። መርከቡን ያኖሩት አያ ታከለ ናቸው፣ እኔ እጄን ከኋላዬ አስሬ ቆምሁ። ነፋስ ጠበቅን፤ በዚያ ቀን ነፋስ የሚባል የለም። ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው በኃይል አራገቡበት። ሸራው ነፋ፤ ምሰሶዎቹ ዘንበል አሉ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ከኋላዬ ሐጂ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ። ስገልጥ መርከቡ ከተዘነበለበት ቀስ ብሎ፣ ከእንቅልፍ እንደሚነሣ ሰው፣ ቀና አለ። ተቆጣጣሪው ደግመው አራገቡ። ዘንበል፣ ቀና። እልል ተባለ።

«ምኑን ለወጣችሁት?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«የማይታየውን፣ ጌታዬ» አሉ አያ ታከለ።

አሁን ነው ብዬ ወደ ፊት ወጣሁ። «ጌታዬ፣ የቢቸናውን መርከብ በተመለከተ፣ ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም…»

ተቆጣጣሪው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «ያለፈው አለፈ፣ ወንድሜ። ምሳው የት ነው የተባለው?» አሉና ሄዱ። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምሁት ድፍረት ለአንድ ምሳ ሳይበቃ ቀረ።

ክፍሉ አልተዘጋም። አያ ታከለ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሠሩ፣ ዘነበችም ተምራ መምህርት ሆነች። እኔ ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሁሉ፣ ወደ ቢቸና ተመልሼም፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ የማይታየውን ጎን አስቀድሜ ነው የላግሁት። ለሥራዬ ያመሰገነኝ ሁሉ ያመሰገነው እርሳቸውን ነው። መርከቡ ግን ሞጣ ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ላይ ሰው አልባ ሆኖ ኖረ። ለአያ ታከለ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ «ሰውዬውን ለፋሲካ አመጣልዎታለሁ» እላለሁ። ከቀረጽኋቸው አንዱን ድመት ወሰደችው። አንዱ ፊቱ የእርሳቸውን መሰለብኝ፣ እጄ ሳላዘው የሄደበት ነው፤ ያን አልሰጥም ብዬ ደበቅሁት። እውነቱን ልናገርና የራሴን ፊት በመሪው ላይ ማቆም ከበደኝ። እንዲህ እንዲህ ስል አያ ታከለ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አንድ የሞጣ ሽማግሌ «አፈሩ ይቅለላቸው፣ ያ መርከብ የተገለበጠባቸው ሰው» ሲል ሰምቼ አሁንም ዝም አልሁ።

ባለፈው ክረምት ዘነበች መርከቡን ጠቅልላ ቢቸና ድረስ አመጣችልኝ። ትምህርት ቤቱ ለአባቷ ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ምሰሶው ተሰብሯል፣ ሸራውን ብል በልቶታል። «ጋሼ ይስማው፣ እንደ ነበረ አድርግልኝ» አለች። ከዚያ ጣቷን ከመሪው አጠገብ ካለችው ቀዳዳ ላይ አሳረፈች። «ይህቺን ግን እንዳትደፍናት። አባባ ሲሞት አደራ ብሎኛል። የአንድ ሰው ቦታ ናት፣ ይመጣል ብሎኛል። ማነው?»

እኔ፣ እንደ ልማዴ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ነገ መምህሩ መጥቶ ብሎኖቹን ሲፈታ መነጽሬን አወጣለሁ። ክዳኑን ግን በቀዳዳዋ ሰውዬውን ሳልተክል መልሼ አልገጥምም። ጠረጴዛው ላይ ከዚያው ከመርከቡ አጥንት የተረፈች አንዲት የወይራ ቁራጭ አለች፤ አውራ ጣት ታህላለች። የሺ መስታወት ይዛልኝ ፊቴን እያየሁ እቀርጻለሁ፤ ጆሮው የገንቦ እጀታ ቢመስል ይምሰል፣ እውነትም ይመስላል። ዘነበች፣ ይህን ወረቀት ከመርከቡ ጋር እልክልሻለሁ። የቢቸናውን የገለበጥሁት እኔ ነኝ። ለአባትሽ አንድ ሰው አለብኝ።